የኅዳር በሽታና የሳንባችን ዘበኞች



ባለፈው የኅዳር ሚካኤል ሰሞን፣ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለን፣ እዚሁ ሐዝሚዬ አንዲት ቴታ የምታስታምም እህታችን ራሷን በሻርፕ ጠቅልላ ጥግ ይዛ ተቀምጣ አየናት። ግሪፕ ይዟት ነበር። እንዳንጠጋት በእጇ እየከለከለች፣ "ትናንት ከእናቴ ጋር በስልክ ተነጋገርን" አለችን። "ኅዳር ሲታጠን ጢሱ ቤቱን ሞልቶት ሳል በሳል ሆነናል አለችኝ። ቅድመ አያቴ ከዚያ ከኅዳር በሽታ የተረፈች ናት። በጢሱ ነው የዳነችው ይላሉ። እውነት ነው እንዴ? እኔስ በምን ልዳን? እዚህ ማዳም በረንዳ ላይ ክብሪት እንኳ አታስጭረኝም።"

ሳቅን። ጥያቄዋ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ እኛም በቂ መልስ አልነበረንም። "እናጣራና እንነግርሻለን" ብለን ቃል ገባን። ያጣራነው ይኸው። ትንሽ ይረዝማል፤ እሑድ እስኪደርስ በየማታው ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በኖቬምበር 1918 መሆኑ ነው፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን፣ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታት። ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ከሞት ተርፈዋል። በአዲስ አበባ ብቻ ዐሥር ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሕዝብ አለቀ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። በዓለም ደግሞ የሟቾቹ ቁጥር ቢያንስ 50 ሚሊዮን እንደሚሆን ይገመታል። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠለው፣ "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው፣ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

ቆሻሻ ማጽዳቱ መልካም ነገር ነው። ዝንብና አይጥ ይቀንሳል። ጢሱ ግን ያን በሽታ አላባረረውም። ኢንፍሉዌንዛ በቆሻሻ ክምር ውስጥ አይኖርም፤ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ፣ በሳልና በእጅ ነው የሚሄደው። በ1911 ዓ.ም. የበሽታውን ቫይረስ ለይቶ ያወቀ ሐኪም በመላው ዓለም አልነበረም። ክትባት የለም። አንቲባዮቲክ የለም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ራሱ ለንደን ውስጥ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ነው።

ሆኖም ከታመሙት ሰዎች አብዛኞቹ ተረፉ። የእህታችን ቅድመ አያትም ተረፈች። ያለ መድኃኒት፣ ያለ ክትባት፣ ያለ ሐኪም። እኛን የገረመንና ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን ይህ ነው፦ ማን አዳናቸው?

ሰባ ካሬ ሜትር የሆነ ቤት

ሳንባችን በውስጡ ከ300 ሚሊዮን የሚበልጡ እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት። እነዚህ ከረጢቶች ተዘርግተው ቢነጠፉ ሰባ ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ይሸፍናሉ ይላሉ የሕክምና መጻሕፍት። ሰባ ካሬ ሜትር ስንት ክፍል እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም፤ በየሳምንቱ የምትወለውሉት ታውቁታላችሁ። በዚህ ሁሉ ወለል ላይ በቀን ዐሥር ሺህ ሊትር ያህል አየር ይመላለሳል። ከአየሩ ጋር አቧራውም፣ ጢሱም፣ ቫይረሱም ይገባል።

ይህን ቤት የሚያጸዳው ማነው? ከአፍንጫ ጀምሮ የአየር ቧንቧዎቻችን በቀጭን ንፍጥ ተለብጠዋል፤ ከሥሩ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ፀጉሮቹ ሌት ተቀን እየተወዛወዙ ንፍጡን ከነቆሻሻው ወደ ላይ፣ ወደ ጉሮሮ ይጠርጉታል። ሳናውቀው እንውጠዋለን ወይም አክታ አድርገን እንተፋዋለን። ይህ የመጀመሪያው መጥረጊያ ነው።

መጥረጊያው ግን እስከ ታችኞቹ ከረጢቶች አይደርስም። እዚያ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ሳሙና ነው። ስንቀልድ አይደለም። የከረጢቶቹ ግድግዳ በውስጥ በኩል እርጥብ ነው፤ ሁለት እርጥብ ፕላስቲኮች እንዴት እንደሚጣበቁ ታውቃላችሁ። ከረጢቶቹ ስንተነፍስ ተጣብቀው እንዳይቀሩ ሳንባ ራሱ የሚያመነጨው እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ፈሳሽ አለ። ስሙ ሰርፋክታንት ይባላል። ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ለመተንፈስ የሚቸገሩት በአብዛኛው ይህ ፈሳሽ ገና ስላልተሠራላቸው ነው፤ ዛሬ ከጥጃ ወይም ከአሳማ ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ይሰጣቸዋል።

በዚህ ሳሙና ውስጥ ነው ዘበኞቹ ያሉት።

ናጡሩ

በቤይሩት ሕንፃ በር ላይ የሚቀመጠውን ናጡር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ናጡሩ የእያንዳንዱን ሌባ ስምና ፎቶግራፍ አልያዘም። ግን የነዋሪውን አካሄድ ያውቃል፤ የሕንፃው ያልሆነ ሰው ሲገባ በሁኔታው ይለየዋል፣ ይይዘዋል፣ ይጮኻል። ሐኪሞች "በተፈጥሮ የተሰጠ መከላከያ" የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ከዚህ በፊት በሽታውን ማወቅ፣ ክትባት መውሰድ አያስፈልገውም። ከልደታችን ጀምሮ በር ላይ ነው።

በሳሙናው ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ሁለቱ የዚህ ዓይነት ናጡሮች ናቸው። ፈረንጆቹ ስማቸውን በፊደል ነው ያወጡላቸው፦ ሰርፋክታንት ፕሮቲን ኤ እና ሰርፋክታንት ፕሮቲን ዲ። ፕሮቲን ዲ አራት ክንድ አለው፤ በእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ላይ ሦስት ሦስት ራሶች አሉ፣ በጠቅላላው ዐሥራ ሁለት። ከፍ ባለ ማይክሮስኮፕ ሲታይ የመስቀል ቅርጽ አለው። (እህታችን ይህን ስትሰማ አማተበች። እኛ ቅርጹን ነገርናት እንጂ ትርጉም አልሰጠነውም።) ራሶቹ የሚፈልጉት ስኳር ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከላይ እንደ እሾህ የቆሙ ነገሮች አሉት፤ በእሾሆቹ ላይ ስኳር ተጣብቋል። ፕሮቲን ዲ በዐሥራ ሁለቱ ራሶቹ እነዚህን ስኳሮች ይጨብጣል፤ አንዱን ቫይረስ ከሌላው ጋር አያይዞ ያጓጉለዋል። የጓጎለ ቫይረስ ወደ ሳንባ ሕዋስ መግባት ያቅተዋል። በሳንባ ውስጥ የሚዞሩ በላተኛ ነጭ ሕዋሶች ደግሞ ጓጉሎ ሲያገኙት በቀላሉ ይውጡታል።

ፕሮቲን ኤ በሌላ መንገድ ይሠራል። ቫይረሱ ወደ ሕዋሳችን የሚገባው በሕዋሱ ላይ ያለ አንድ ዓይነት ስኳር ላይ ተጣብቆ ነው። ፕሮቲን ኤ ያንኑ ስኳር ራሱ ላይ ይዟል። ቫይረሱ ሕዋስ ያገኘ መስሎት ፕሮቲኑ ላይ ይጣበቃል፤ እዚያው ይቀራል። እህል የተበተነበት የወፍ ወጥመድ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያሉ ዘበኞች ካሉ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሕዝብ ለምን አለቀ? መልሱ የተገኘው በቅርቡ ነው። የ1918ቱ ቫይረስ፣ በበረዶ ውስጥ ከተቀበሩና በሆስፒታል ከተቀመጡ ናሙናዎች ተጠንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በጥብቅ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደገና ተሠርቷል። ሲመረመር በእሾሁ ራስ ላይ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለምን የዞረው "የአሳማ ጉንፋን" የተባለውም እንደዚያው ነበር። ፕሮቲን ዲ የሚጨብጠው ነገር አጣ። እጀታ የሌለው ድስት በላቸው።

በየዓመቱ የሚመላለሰው ጉንፋን ግን በዓመታት ውስጥ ስኳሩን እያበዛ ይሄዳል። ለምን ቢባል ለመደበቅ ነው። ከዚህ በፊት ባመመን ጊዜ የተሠሩት አንቲቦዲዎች፣ የሌባውን ፎቶግራፍ የያዙት ፖሊሶች ማለት ነው፣ እንዳይለዩት ፊቱን በስኳር ይሸፍናል። ከፖሊሱ ሲሸሸግ ግን ናጡሩ በሽፋኑ ይይዘዋል። አዲስ ሆኖ የሚመጣ ወረርሽኝ ግን ፖሊሱ ፎቶግራፉ የለውም፣ ናጡሩም መያዣ አያገኝለትም። እኛ ይህን ስናነብ ለረጅም ሰዓት ተደነቅን።

ሕዋስ ለጎረቤቱ ሲጮኽ

ናጡሩን ያለፈው ቫይረስ ሕዋስ ውስጥ ገባ እንበል። በ1911 ዓ.ም. የተረፉትን ያተረፈው አንዱ ትልቅ ነገር ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከዶሮ እንቁላል ሽፋን ላይ በሙቀት የሞተ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አደረጉ። ሽፋኑ አንድ ነገር አመነጨ፤ ያ ነገር ወደ ሌላ ሽፋን ሲዛወር ሕያው ቫይረስ እንዳይራባበት ከለከለ። ኢንተርፌሮን ብለው ጠሩት፤ ጣልቃ የሚገባ፣ የሚያደናቅፍ እንደ ማለት ነው። የተጠቃ ሕዋስ እየሞተም ቢሆን ኢንተርፌሮን ረጭቶ ጎረቤቶቹን "በራችሁን ዝጉ!" ይላቸዋል። የሰሙት ሕዋሶች በመቶዎች የሚቆጠሩ የመከላከያ ፕሮቲኖችን መሥራት ይጀምራሉ። ከእነዚህ አንዱ ቫይረሱ ወደ ሕዋሱ ውስጠኛ ክፍል ሊሾልክበት የሚሞክርበትን ስስ ሽፋን ያጠነክርበታል፤ ቫይረሱም በኮሪደር ላይ እንደተቆለፈበት ሌባ ይቀራል። ይህ ፕሮቲን በጽሑፍ አይ ኤፍ አይ ቲ ኤም 3 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በ2009ኙ ወረርሽኝ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ሆስፒታል ከገቡት መካከል የዚህ ፕሮቲን ዘር የተበላሸባቸው ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በዝተው መገኘታቸውን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በኢንፍሉዌንዛ ለሞት እስኪቃረቡ ከታመሙት ከመቶ አምስት ያህሉ የገዛ ደማቸው ኢንተርፌሮንን የሚያሰናክል አንቲቦዲ ይዞ ተገኘ።

ይህን የጻፍነው በምክንያት ነው። አንዲት እህት ስትታመም "ምን ሠርታ ነው?"፣ "ደካማ ስለሆነች ነው" የሚል ወሬ በመካከላችን ሰምተናል። በአንድ ክፍል ከሚያድሩ ሁለት ሴቶች አንዷ በሦስት ቀን ተነሥታ ሌላዋ ሆስፒታል ብትገባ፣ ልዩነቱ እሷም እናቷም የማያውቁት አንድ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ግሪፕ ሲይዘን ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ የአጥንት ቁርጥማቱ፣ ከአልጋ አልነሣ ማለቱ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ቫይረሱ ያለው ጉሮሮና ሳንባ ውስጥ ነው፤ ጉልበታችንን ማን አሳመመው? ኢንተርፌሮንና አብረውት የሚነሡ መልእክተኞች ናቸው። ኢንተርፌሮን ለሌላ በሽታ በመርፌ የተሰጣቸው ሰዎች ቫይረስ ሳይኖርባቸው ልክ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ትኩሳትና ቁርጥማት ይይዛቸዋል። ስለዚህ ያ ድካም ስንፍና አይደለም። ሰውነት ጉልበቱን ሁሉ ለዘበኞቹ ሲያዞር "ተኚ" እያለ ነው። ፎቶግራፍ የያዙት ፖሊሶች፣ አንቲቦዲዎቹ፣ ለአዲስ ቫይረስ በብዛት እስኪደርሱ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። እስከዚያ በሩን ይዘው የሚቆዩት ናጡሮቹ ናቸው።

"ተኚ" ማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ እናውቃለን። ሐዝሚዬ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታሰበን የቆንስላው በር ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2020፣ ገንዘቡ ወድቆ ኮሮናም ገብቶ ሳለ፣ በደርዘን የሚቆጠሩ እህቶቻችን ከነሻንጣቸው እዚያ በር ላይ ተጥለው አስፋልት ዳር አድረዋል። ከዚያ ወዲህ "አመመኝ" ለማለት እንደሚፈሩ የነገሩን አሉ። እንዲህ ላሉት አንድ ምክር አለን፤ ሞክረውት የተሳካላቸውም አሉ። ለማዳም "ደከመኝ" አትበሏት። "ግሪፕ ይዞኛል፤ ቴታን እንዳላስይዛት እፈራለሁ" በሏት። እውነትም ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ምልክቱ ከመታየቱ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ እስከ አምስት፣ ሰባት ቀን ቫይረሱን ይረጫል። የቴታ ዘበኞች እንደ እናንተ ወጣት አይደሉም። ለእናንተ ያላዘነ ቤት ለቴታ ያዝናል።

በረኪናውና አሲዱ

ዘበኞቹ የሚቆሙበትን ወለል የሚያበላሽ ነገር አለ፤ ከእጃችሁም አይለይም። ጢስ አንዱ ነው። በሚያጨሱ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ፕሮቲን ዲ አንሶ ተገኝቷል፤ ጠራጊዎቹ ፀጉሮችም ይጎዳሉ። ቅድመ አያቷ የተረፈችው ከጢሱ የተነሣ ሳይሆን ጢሱ እያለም ነው ማለት ነው።

ሌላው የጽዳት ኬሚካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ6 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ20 ዓመት የተከታተለ ጥናት አወጡ። በቤታቸውም ሆነ በሥራቸው የሚያጸዱ ሴቶች የሳንባቸው አቅም ከማያጸዱት ሴቶች ፈጥኖ እየቀነሰ ሄዶ ተገኘ።

ከሁሉም የከፋው መቀላቀል ነው። በረኪናን፣ እዚህ ክሎሮክስ የምትሉትን፣ ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ብትቀላቅሉ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያ ጋርም ሌላ መርዝ ይሆናል። እኛ ይህን የምናውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ቢሆን በወደድን። አንድ ዓመት ለፋሲካ የአዳራሹን መጸዳጃ ቤት እናጽዳ ብለን፣ "ሁለት ከሆነ ይበልጥ ይነጣል" በሚል ብልሃት ሁለቱን አንድ ላይ ደፋናቸው። በሩም ተዘግቶ ነበር። ዓይናችን እያነባ፣ ደረታችን ታንቆ ወደ ውጭ ወጣን፤ ሁለት ሳምንት ሳልን። ያየችን እህት "እናንተ ተማርን የምትሉት!" ብላ ነው የሳቀችብን። ልክ ነበረች። አንዱን ብቻ፣ በውኃ አቅጥናችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ። በሚረጭ ጠርሙስ ከመንፋት ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ መጥረግ ወደ ሳንባ የሚገባውን ይቀንሳል።

ጥቂት ቀሪ ነገሮች። ማዳም "አንቲባዮቲክ ውሰጂ" ብትል፣ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። በ1918 ከሞቱት ብዙዎቹ ግን ቫይረሱ በሩን ከፈተ እንጂ የገደላቸው ተከትሎ የገባ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነበር፤ ለዚያ አንቲባዮቲክ ይሠራል። ስለዚህ ከተሻላችሁ በኋላ ትኩሳቱ እንደገና ቢነሣ፣ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ፣ ደረታችሁን ቢወጋችሁ፣ ከንፈራችሁ ቢጠቁር ወይም ቢሰማያዊ፣ ሰው ቢምታታባችሁ፣ ያን ጊዜ መተኛት አይበቃም፤ ሐኪም ነው። ለትኩሳቱ ፓናዶል፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሳያልፍ። ትኩሳት ላለበት ልጅ አስፕሪን አትስጡ። የሞቀ አጥሚት፣ ሾርባ፣ እንፋሎት መታጠን ያሳርፋል፤ ቫይረሱን ባይገድልም አንከለክላችሁም። ክትባቱ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ክረምቱ ሳይገባ በኦክቶበር አካባቢ ፋርማሲ ጠይቁ። በተለይ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ አስም ያለባችሁ፣ አረጋዊ ወይም ሕፃን የምትይዙ።

እህታችን በሁለተኛው ሳምንት ደኅና ሆና መጣች። ቴታ አልያዛትም። ያገኘነውን ሁሉ ነገርናት፤ እዚያው በስልክ ለእናቷ ማስረዳት ጀመረች። "እማዬ፣ ሳንባ ውስጥ መስቀል የሚመስል ዘበኛ አለ አሉ" ስትላት እናቷ በድምፅ ማጉያው "ድሮስ!" ሲሉ ሁላችንም ሰማን። "ስሙን ማን አሉት?" ብለው ጠየቁ። ዘወር ብላ አየችን። በሻይ ማስቀመጫው ወረቀት ላይ ጽፈን ሰጠናት፦ ሰርፋክታንት ፕሮቲን ዲ።